የቆንቋና ድካም

ወለጋ ውስጥ ቆንቋና ሆኖ መኖር የጉልበት ሥራ ነው። ሌላ አገር ያለ ቆንቋና በሩን ዘግቶ ብቻውን ይበላል፤ በዚያው አለቀ። ነቀምት ላይ ግን በሩን የዘጋ ሰው ታሟል ይባልና ሊጠይቁት ይመጣሉ፤ ለጠያቂ ደግሞ ቡና ይፈላል። በአጥር ጥግ የሚያልፍ የማያውቁት መንገደኛ እንኳ «ኮታ፣ ቡና ዱጋ!» ተብሎ ይጠራል። ኦሮምኛ ባይሰማም ረከቦቱን አይቶ ይገባዋል። እንዲህ ባለ አገር ንብረቱን ከሰው አፍ ማዳን የፈለገ፣ በሩን ከፍቶ፣ እየሳቀና እየጋበዘ ነው ማዳን ያለበት። እኔ የማውቃቸው የነቀምት፣ የጊምቢና የነጆ ቆንቋኖች ከለጋሶቹ እጥፍ ሲደክሙ ነው የኖሩት።

የመጀመሪያው ፈተና ሻይ ቤት ነው። እኛ ዘንድ ሒሳብ የሚከፈለው በትግል መሆኑ ይታወቃል። አስተናጋጇ ብቅ ስትል ሦስት አራት ሰው ብድግ ይላል። «ሞቼ ልገኝ!» «በእናትህ ተወኝ!» «አንቺ፣ ከእሱ እንዳትቀበዪ!» ክንድ ይያዛል፣ ኮት ይጎተታል። ለጋሱ የሚታገለው ለማሸነፍ ነው፤ ቆንቋናው ለመሸነፍ። የሁለተኛው ይከብዳል፤ ሆን ብሎ መሸነፉ መታወቅ የለበትማ!

አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ የተካነ ነበር። ከሁላችን ቀድሞ ይነሳል፣ ከሁላችን በላይ ይጮኻል፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። እጁ ግን አይወጣም። ፊቱ ላብ በላብ ይሆናል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ኪሱ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ሰው አንቆ የያዘበት ይመስላል። አንዳችን ከፍለን መልሱን ስንቀበል እጁ በሰላም ይወጣል። «ሁልጊዜ እንዲህ ታዋርዱኛላችሁ!» ብሎ ያኮርፋል። ኩርፊያው እስከ ማግስቱ ስለሚዘልቅ፣ እሱን ለማስታረቅ ሌላ ሻይ እንጋብዘዋለን። በኋላ ወጣቶቹ «በየኪስ» የሚባለውን አከፋፈል ሲያመጡ ከሁሉ ቀድሞ የተቃወመው እሱ ነው። ባህላችን እየጠፋ ነው ብሎ በጣም ተቆጨ።

ሁለተኛው ፈተና መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ባኮን አልፎ እስኪደረስ ሰው ይርበዋል። አጠገብ የተቀመጠን መንገደኛ «እንብላ» ሳይሉ ስንቅ መፍታት ደግሞ ነውር ነው። አንድ ጊዜ ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ መያዙን አውቶቡሱ በሙሉ በአፍንጫው አረጋግጧል፤ እሱ ግን ከአዲስ አበባ ጀምሮ ፌስታሉን አልፈታም። አምቦን አልፈን ጉደር ስንቃረብ አጠገቡ የነበረው ልጅ እንቅልፍ ጣለውና አንገቱ ዘመም አለ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጆሮው ሥር፣ ጸሎት በሚደረስበት ድምፅ፣ «እንብላ» አለው። መልስ የለም። ትንሽ ጠበቀና «ኧረ ትንሽ እንኳ?» ጨመረበት። አሁንም መልስ የለም። በእንቢታው ያዘነ መስሎ እንቁላሉን መላጥ ጀመረ። ባኮ ላይ ልጁ ሲነቃ ሰውዬው አፉን ጠርጎ ጨርሷል። «ለምኜህ እንቢ አልክ» ብሎም ወቀሰው።

ቤት ውስጥ ያለው ትግል ከዚህ የባሰ ነው፤ የወለጋ ምግብ ራሱ ለቆንቋና አይመችም። ጩምቦን ያየ ያውቀዋል፤ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ሆኖ ቅቤ የሚጠጣ ምግብ ነው። ቅቤ አንሶት የቀረበ ጩምቦ ባለቤቱን በአደባባይ ያዋርዳል። ስለዚህ አንድ ዘመዳችን ቅቤውን ሳይሰስት ያስፈስስና፣ በእንግዶቹ በኩል ከትሪው ሥር ማንኪያ ይሸጉጣል። ቅቤ ዘመድ ባዕድ አይልም፣ ወደ ዘቀዘቀው ይሄዳል፤ የዘቀዘቀው ደግሞ ወደ ባለቤቱ ነው። እንግዶቹ በደረቁ በኩል እየጎረሱ «ብሉ፣ ብሉ» ይባላሉ፣ እሱ በእርጥቡ በኩል ያመሰግናል። ይህ ዘዴ ብዙ በዓል ካሻገረው በኋላ አክስቴ አንድ ቀን እጃቸውን ከትሪው ሥር ሰደድ አድርገው ማንኪያውን አወጡ። «ልጄ፣ ማንኪያ ወድቆብሃል» አሉት፣ በትሕትና። ቅቤው ሲመለስ የሁላችንም ዓይን አብሮት ተመለሰ።

በቡና በኩል ደግሞ ቁጠባው አገር አቀፍ ነው። የአካባቢያችን ቡና «ለቀምት» በሚል ስም በዓለም ገበያ ይታወቃል። ለውጭ ገበያ የሚመጥነው ምርጡ ቡና ባሕር ይሻገራል፤ የተረፈው ለእኛ ይቀራል። ከዚያ ከተረፈው ላይ የምታተርፍ አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ቡናዋን ትቆላለች፣ አቦሉን ከቤተሰቧ ጋር ትጠጣለች፣ ቶናውን ትደግማለች፤ በረካው ሲንተከተክ ልጇን ወደ ጎረቤት ትልካለች። «ቶሎ በሉ፣ ቡናው ሳያልቅ ድረሱ!» እንሮጣለን። የቡናውን መልክ አጥቦ የጨረሰ ውኃ በጨው ይቀርብልናል። ቀጠነ እንዳንል፣ የዘገየነው እኛ ነን። ይልቁንም ለምን እንደዘገየን እየተጠየቅን ይቅርታ እንላለን።

አከራዮችን ሳላነሳ ብቀር ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የተማረና ያስተማረ ሁሉ ይታዘበኛል። ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ አምፖል፣ በማንኛውም ሰዓት ካውያ የተከለከለበት ግቢ ውስጥ የኖረ መምህር የማውቀው ብዙ ነው። የአንዱ ግን ይለያል። ነቀምት በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ አከራዩ ግን ውኃ በጀሪካን እየቆጠሩ ያስከፍሉት ነበር። ብልህ ነኝ ያለው መምህር ክረምት ሲገባ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ባልዲ ደቀነ። አከራዩ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መጡና ባልዲውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ መምህሩን አዩ። «ልጄ፣ ውኃው የእግዚአብሔር ነው፤ አልከለክልህም» አሉት። ቀጠሉና «ጣሪያው የማን ሆነና?» ብለው ጠየቁት። ባልዲውን ወደ ግቢው መሀል ገፍቶ፣ ጣሪያ ያልነካውን ዝናብ መጠበቅ ጀመረ።

የውጭዎቹን ስናይ ይህ ሁሉ ድካም የላቸውም። በዘመኑ ከዓለም ቀንደኛ ባለጠጎች አንዱ የነበረው አሜሪካዊው የነዳጅ ቱጃር ፖል ጌቲ፣ እንግሊዝ አገር ባለው ሰፊ መኖሪያው ለእንግዶቹ የሳንቲም ስልክ አስተክሎ ነበር። መደወል ያማረው ሳንቲሙን ይከታል፣ ይደውላል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ግልጽነት ማን ይፈቅዳል! ያ በጣት የሚዞረው ስልክ በነበረበት ዘመን ባለስልክ ቤቶች መዞሪያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ያንጠለጥሉ ነበር። ጎረቤት ሊደውል ሲመጣ የሰፈራችን ባለስልክ «ኧረ ደውሉ እንጂ! ቤታችሁ አይደለም እንዴ!» ብለው ይነሳሉ። ከዚያ የቁልፉ መክፈቻ ይጠፋል። ቤተሰቡ በሙሉ ይፈልጋል፣ አልጋ ይገለበጣል፣ ልጆች ይገረፋሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው። ጎረቤት ልቡ ይነካና «ግዴለም፣ ነገ እደውላለሁ» ብሎ ይሄዳል። መክፈቻው ከሸሚዛቸው ሥር በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ነበር። ልጆቻቸው ይህን ያውቃሉ፤ እነሱ የስልኩን መስቀያ መታ መታ እያደረጉ ያለ መክፈቻ መደወልን ያኔ ተምረዋል።

ሞባይል ሲመጣ ሙያው ወደ ሚስኮል ተዛወረ። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተቋረጠ «ደርሻለሁ»፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ውጣ»፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ «ደውልልኝ፣ ሰው ሞቷል»። በስህተት ያነሳኸው ቀን ጠብ ነው። «ለምን አነሳኸው? አሁን ሒሳብ ቆጠረ!» ይልሃል፤ ስድቡን ሳይጨርስ ደግሞ ደቂቃው እንዳይሞላ ይዘጋዋል።

ባለሱቆችም የራሳቸው ጥበብ አላቸው። ዝርዝር የለም እያሉ በመልስ ፈንታ ማስቲካና ከረሜላ ይሰጡ የነበሩ አንድ ባለሱቅ ነበሩ። አቻቸውን ያገኙት ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ደንበኛ ሲገጥማቸው ነው። አዛውንቱ ከረሜላውን አንድ ቀን እንኳ ሳይልጡ በፌስታል ሲያጠራቅሙ ከረሙ። ለዓውደ ዓመት ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉና «ግማሽ ኪሎ ስኳር» አሉ። ባለሱቁ «ኦቦ፣ ይሄ እኮ ከረሜላ ነው!» ቢሏቸው፣ «እርስዎ ሲሰጡኝ ብር ነበር» አሉ። ክርክሩ ሱቁን በሰው ሞላው። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ስኳሩ ተሰፈረ፤ ባለሱቁ ግን ከረሜላውን ሲቆጥሩ ትርፍ አገኙበት። ለአዛውንቱ መልስ ሊሰጧቸው ግድ ሆነ። የሰጧቸው ከረሜላ ነው።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ ሳስበው ግን በአያቶቻችን አልፈርድም። እነ ሞሮዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ ነቀምትን በገዙበት ዘመን ገበያ ላይ ከሚዞረው ገንዘብ አንዱ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ እስከ ምዕራብ ድረስ ይመጣል፤ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ወለጋ ሲደርስ በጣም ውድ ይሆንና ዝናቡ ይቀበለዋል! ሀብትህ የሚሟሟ ከሆነ ቋጣሪ ሳትሆን እንዴት ታድራለህ? ጠፍቶብህ ሳይሆን ፈስሶብህ ትደኸያለህ። ብሩ ማርያ ትሬዛ ሲመጣ እፎይ ተባለ። 28 ግራም የሚመዝን ብር ነው፤ ዝናብ አይፈራም፤ መቼም ይመታ መቼ ላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ስለሆነ ዕድሜም የለው። በእንስራ ከትቶ መቅበር ብቻ ነው። ከጨው ወደ ብር ስንሻገር የመደበቅ ልማዱ አብሮን ተሻገረ።

የተደበቀው ሁሉ የወጣው መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ለውጥ ሲታወጅ ነው። አሮጌው የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖት በሦስት ወር ውስጥ ካልተቀየረ ወረቀት ሊሆን ሆነ። የባንኮቹ ሰልፍ ላይ ያልተጠበቁ ሰዎች ታዩ። ከፍራሽ፣ ከጎተራ፣ ከቆጥ የወረደ ብር ጭስ ጭስ እየሸተተ መጣ፤ ገንዘብ ተቀባዮቹ ያስነጥሱ ነበር። እጁ ከኪስ የማይወጣው ባልደረባዬም ተሰልፏል፤ ማዳበሪያ በሁለት እጁ አቅፎ። ሁላችንም ዓይናችን ማዳበሪያው ላይ ቀረ። አንዱ «ዛሬስ ሻይ ያንተ ነው!» ቢለው፣ ማዳበሪያውን ከፍ አድርጎ አሳየውና «እጄ ተይዟል እኮ» አለ። ተራው ደርሶ አዲሱን ኖት ሲቀበል ደግሞ በጣም ቅር አለው። «የእኔው ምን ሆነና ተቀየረ? አንድ ቀን እንኳ አልታጠፈም!» እውነቱን ነው፤ ብሩ ከባንክ እንደወጣ ነበር። ያረጀው ባለቤቱ ነው።

ዛሬ ዛሬ ማን ቆንቋና፣ ማን ችግረኛ እንደሆነ መለየት ከብዷል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ሲያልፍ፣ ስኳር በማንኪያ ጫፍ የማይሰፍር ቤት አልቀረም። ስለዚህ እኔ የራሴን መለኪያ ይዣለሁ። አቦሉን ለእንግዳ ሰጥታ በረካውን እሷ የምትጠጣ እናት በየሰፈሩ አለች። ልጇን በዚያች ቁጠባ ነው ያስተማረችው፤ እሷን ሳይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። አቦሉን ራሱ ጠጥቶ በረካ ላይ የሚጠራኝን ግን ቢያንስ በወግ ልበቀለው።

ይህን ስጽፍ ከላይ ካነሳኋቸው ለአንዱ ነገርኩት፤ ማንኛው እንደሆነ አልናገርም። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። አገጩን እያሻሸ ትንሽ አሰበ።

«ስሜን ጠቅሰኸዋል?»

«ኧረ በፍጹም! እንዴት አደርገዋለሁ?»

«ጥሩ አደረግህ» አለና ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ። «ግን ብትጠቅሰው ኖሮ ስንት ይከፈለኝ ነበር?»