ካሣ፣ በንጉሡ ሠ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለውድ እናቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ናትና ለእሷም አደራ አለኝ፤ እንደ ዜና አንባቢ አትንደርደሪ፤ እማዬ «እስቲ ድገሚው» ባለች ቁጥር ድገሚላት። ቅር የሚያሰኛት ነገር ሲያጋጥምሽ ግን ዘለል አድርጊው። የቱ እንደሆነ ስትደርሺበት ታውቂዋለሽ።

ልጁ መወለዱን በስልክ ሰምተሻል። የስም ነገር ግን በስልክ አያልቅም። ባለፈው «ካሣ ብላችሁ ጥሩት» ብለሽ ሳትጨርሺ መስመሩ ተቋረጠ። ባለቤቴ ኔትወርክ ነው ትላለች። እኔ ግን ፍርድ ከሰጠሽ ወዲያ ይግባኝ እንደማትሰሚ ስለማውቅ፣ የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ ላደርግልሽ ወሰንኩ።

የአንቺ ሒሳብ ግልጽ ነው። አባባ በሐምሌ አረፉ፣ ልጁ በጥር መጣ። እግዜር ከቤትሽ አንድ ወንድ ወሰደ፣ አንድ ወንድ መለሰ፤ ካሰሽ። ሐዘን የገባበት ቤት ልጅ ሲወለድለት ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ደረሰኙም የልጁ ስም ነው። ካሣ፣ ካሣዬ፣ ካሣሁን፣ መካሻ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ። ትግራይ ብትሄጂ ካሕሳይ ይሉታል፣ ነገሩ ያው ነው። እስቲ በሠፈራችን ያሉትን ምትኩዎች ቁጠሪያቸው፤ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ስሙ የማይነሣ አንድ ሟች አለ። ልጅ ሳለሁ አብሮ አደጌን ማስረሻን «ምን አስረስተህ ነው እንዲህ የተባልክ?» ብዬ ብጠይቀው «እኔንጃ፣ ነፍስ ሳውቅ ረስተውት ነበር» አለኝ።

አንቺ የወንድሜ ልጅ፣ እዚህ ላይ ነው መዝለል ያለብሽ። ባለቤቴ አልተስማማችም። እሷ የመረጠችው «ናታን» የሚል ነበር። ነቢይ ነው፣ አጭር ነው፣ የፈረንጅ ምላስም አያደናቅፍም። እዚህ አገር የሐበሻ ሕፃናት ስም እንዲህ ሆኗል፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ገብተሽ ስም ሲጠራ ብትሰሚ፣ ናታን፣ ኖኅ፣ ካሌብ፣ ናሆም፣ ዮናታን፣ መምህሩ የብሉይ ኪዳንን ማውጫ የሚያነብ ነው የሚመስልሽ።

ክርክሯ ግን ስለ ፈረንጅ ምላስ ብቻ አልነበረም። «ልጄ ለምን የሰው ምትክ ሆኖ ይኖራል? ገና አፉን ሳይፈታ የትልቅ ሰው ሐዘን ለምን ያሸክሙታል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ እማዬ። አባባ በየሰዉ ቤት በር ዝቅ ብለው የሚገቡ ሰው ነበሩ፤ ይህኛው ገና አንገቱ አልጸናም። እሳቸውን ካስ ማለት ግፍ መሰለኝ።

ያዳነኝ ሕግ ነው። አዲስ አበባ ጠበቃ የነበረ፣ አሁን እዚህ ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ አለኝ። ጉዳዬን ባጫውተው መሪውን እንደጨበጠ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቀሰልኝ። በሰው ጥፋት ዘመዳቸው ለሞተባቸው ሰዎች ፍርድ ቤት ስለ ኅሊና ጉዳታቸው ካሣ ሊፈርድ ይችላል፤ ነገር ግን በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1000 ብር ሊበልጥ አይችልም። አንድ ሺህ! ያኔ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለሙት ዓመቱ ሽንኩርት እንኳ አይበቃም። «እናትህ ከሕጉ የተሻለ ፈርደዋል» አለኝ። ቀጥሎ ዋናውን ነገር አመጣው። «ካሣ የሚከፍለው ማነው? ጉዳት ያደረሰው። ልጅህ ማን ላይ ጉዳት አደረሰ? ማንም ላይ። ስለዚህ ባለዕዳው እሱ አይደለም። ባለዕዳው ሌላ ነው» ብሎ በመኪናው ጣሪያ በኩል ወደ ላይ አመለከተ። «ልጅህ ክፍያው ነው።»

ቤት ገብቼ ይህንኑ ለባለቤቴ ብነግራት «ልጄን ገንዘብ አልከው?» ብላ ተነሣችብኝ። እኔም የአገሬን ሽማግሌዎች ጠራሁ። ደም ሲያደርቁ የገዳይ ወገን ለሟች ወገን ካሣ ይከፍል የለም? ካሣውን የተቀበለ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ቂም አይዝም፤ መቀበሉ ራሱ ታርቄያለሁ ማለት ነው። እማዬ ልጁን ካሣ ያለችው ሸክም ልታሸክመው ሳይሆን እግዜርን ልትታረቀው ነው አልኳት። ከሐምሌ ወዲህ ኪዳን ባታስታጉዪም ፊትሽን ለእግዜር እንዳልፈታሽ ወንድሜ ነግሮኛል። ይህን ስትሰማ ባለቤቴ ዝም አለች፤ ልጁን አንሥታ አቀፈችና «እሺ፣ እስቲ ቀጥል» አለችኝ።

ቀጠልኩ። የደብረ ታቦር ልጅ ሆኖ ስለ ካሣ መናገር ያቃተው ሰው አገሩን ባይጠራ ይሻለዋል። ቋራ የተወለደው ካሣ ኃይሉ፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባለ የተሰደበው፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭን ቴዎድሮስ ተባለ። ፍካሬ ኢየሱስ ይነግሣል ያለው ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ነዋ! የእሱ ዘመን በ1860 አበቃ። በመካከል ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ጥቂት ዓመት ነግሦ ነበር፤ እሱን እለፊው፣ ካሣ አይደለም። ከዚያ በ1864 ማን አክሱም ላይ ነገሠ? ካሣ ምርጫ፤ ፈረሱ በዝብዝ፣ ሲፎከርለት «አባ በዝብዝ ካሣ»። እሱም ዘውዱን ሲጭን ዮሐንስ አራተኛ ሆነ። ሁለቱም ደግሞ ደብረ ታቦራችንን መናገሻ አድርገዋታል። እዚህ ጋ ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ፤ ልጁ ነቅቶ አለቀሰ።

እንግዲህ አስተውዪ፤ ካሣ ሆነው የተወለዱ ሁለት ሰዎች ነገሡ፤ ካሣ ተብሎ የነገሠ ግን የለም። ዘውዱ ሲገባ ስሙ ውጭ ይቀራል። ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ከቴዎድሮስ ጋር በስምም በአባት ስምም አንድ ነበሩ፤ እሳቸው ስማቸውን ዕድሜ ልክ ያዙት፣ ልዑል ራስ እንደሆኑም አለፉ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «እንግዲያውስ ልጄም ሲነግሥ ይቀይረዋላ!» አለች። እሺታዋ ይኸው ነው። የሁለቱን ነገሥታት መጨረሻ፣ መቅደላንና መተማን፣ አልነገርኳትም፤ አንቺም በስልክ እንዳታነሺባት።

አሁን ወደ ቅጹ ልምጣ። እዚህ አገር እናትና ልጅ ከሆስፒታል ሳይወጡ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጽ ይሞላል። ክርስትና ድረስ «ማሙሽ» እያልሽ ማቆየት የለም። የመዝገቧ ሴትዮ ደግ ሰው ናት፤ ትርጉሙን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ታዲያ ልጁ ሲያድግ ምን ይሰማዋል?» አለች። በእሷ ቤት ስም ለልጁ የሚሰጥ ስጦታ ነው። የእኛ ስም በልጁ በኩል ለሌላ ሰው የሚላክ መልእክት መሆኑን ምን ብዬ ላስረዳት? ሺፈራው ዛቻ ነው፤ የሚሰማው ጎረቤት ነው። ደምሰው ትእዛዝ ነው፤ ሕፃኑ ገና ጡት አልጣለም። ኑርልኝ ልመና ነው። ስንሻው በመዘግየቱ የቀረበ ወቀሳ ነው። ጥላሁን ደግሞ ልጁ ሳይፈርም የተዋዋሉበት ውል ነው። እሷ ግን መልእክቱን ትታ «በአንድ ኤስ ነው በሁለት?» ብላ ብዕሯን አነሣች።

ያን ዕለት ማታ ጋሼ ደወለ። እንኳን ማርያም ማረቻት ብሎ ሳይጨርስ «በእሳቱ ሰ ነው የጻፍከው በንጉሡ ሠ?» አለኝ። ጋሼን ታውቂዋለሽ፤ ቅኔ ቤት የገባ ሰው ዕድሜ ልኩን ከዚያ አይወጣም። አማርኛ እዚህ አልተጻፈም ብለው «ይጻፍ አይጻፍ አልጠየቅኩህም፤ ሁለት ንጉሥ የወጣበት ስም በእሳቱ ሰ አይጻፍም!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ለአሜሪካኖቹ በሁለት ኤስ አስጽፌዋለሁ፤ ለቴዎድሮስ አንድ፣ ለዮሐንስ አንድ። ጋሼ ይህን ሲሰማ የምስጋና ያህል አጉረመረመ።

ከስሙ የባሰው የቤተሰብ ስም ነው። እኛ ጋ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፣ አለቀ። ሴትዮዋ ወረቀታችንን ብታየው እኔ በአባባ ስም፣ ባለቤቴ በአባቷ ስም፤ «ተጋብታችኋል?» አለች። ቆርበናል ልላት ፈልጌ ነገር እንዳላበዛ ተውኩት። እንደ አገራችን ካደረግነው የልጁ የቤተሰብ ስም የእኔ ስም ይሆንና በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም ይገባል፤ አውሮፕላን ጣቢያ በሄድን ቁጥር ልጁን የሰረቅነው እንዳይመስል መማል ነው። እንደ እነሱ ካደረግነው ደግሞ የአባባ ስም የቤተሰቡ ስም ሆኖ ይቀራል፤ ልጁም፣ የልጅ ልጁም፣ ከዚያም ወዲያ የሚመጣው ሁሉ በአባባ ይጠራል። ይህኛውን መረጥን። ባሕር ዳር ድረስ መሄድ «ሩቅ አገር» የሚሉት አባባ አሜሪካ ውስጥ ሥርወ መንግሥት መሠረቱልሽ። እኔን ዘለው ነው ያለፉት፤ የእኔ ስም ከእንግዲህ በቅጹ ላይ «አባት» በሚል ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው። ለነገሩ ካሣው የአባባ ከሆነ እኔ መሐል ገብቼ ምን እሠራለሁ?

የሐበሻውን ነገር ደግሞ ስሚ። እዚህ ካሣ የሚለው ቃል የሚነሣው በኢንሹራንስ ነው። ምግብ ቤት ስትገቢ በሩ ላይ «የመኪና አደጋ ደርሶብዎታል? ተገቢውን ካሣ እናስገኝልዎታለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታገኛለሽ። ባለፈው ዓመት መኪናውን የገጩበት ጓደኛዬ ጋ ደውዬ በደስታ «ካሣ መጣ!» አልኩት።

«እልል! ስንት ሰጡህ?»

«ሦስት ኪሎ ተኩል።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ በዶላር ሊመነዝረው ሲሞክር ነበር።

አሁን የቀረው አርባው ቀን ነው። የክርስትና ስሙን ቄሱ በዕለቱ ታቦት እንደሚያወጡ ነግረውናል፤ አንቺ ለጸሎትሽ እንድትይዢው ወዲያው እልክልሻለሁ። አማቴ ከአዋሳ በየቀኑ ትደውላለች፤ እሷ «ኑርልኝ» ነው የምትለው። ባለቤቴ ስታጠባ «ናታንዬ» ስትል ሰምቻታለሁ፤ አልሰማሁም አልኩ። አንድ ልጅ በአያቱም በእናቱም የተለያየ ስም ሲጠራ ማደጉ እኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም፤ እኔንም አባባ በአንድ፣ አንቺ በሌላ ስትጠሩኝ ነው ያደግኩት፤ ስትቆጡ ብቻ ነበር የምትስማሙት።

በሐምሌ ለሙት ዓመቱ ዘመድ ሲሰበሰብ ስሙን አንቺው ንገሪያቸው፤ ከእኔ ሲሰሙት ደስ አይልም። ሽሮና በርበሬ ሰው ሲገኝ ላኪልኝ፤ በርበሬውን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፤ ባለፈው የመጣው ሻንጣ ውስጥ ተፈትቶ የአንድ ቄስ ካባ አስነጥሷል።

ጋሼን፣ ወንድሜን፣ ጎረቤቱን ሁሉ በያሉበት ሰላም በዪልኝ። የአባባን መቃብር ጎብኚልኝ።

የሚናፍቅሽ ልጅሽ

ማስታወሻ፦ ከባለቤቴ ጋር ውል ገብተናል፤ ቀጣዩ ልጅ ሴት ከሆነች ስም የምታወጣው እሷ ናት። «ካሣነሽ» እንዳትዪ፤ ስልኩን ቀድሜ እዘጋለሁ።