ሌሊት የእኔ፣ ቀን የማንም

የሠለጠኑ ናቸው የሚባሉት መንግሥታት ለዘበኛ ደመወዝ፣ ለደመወዙ በጀት፣ ለበጀቱም ግብር ሲያፈላልጉ መከራቸውን በሚያዩበት በዚህ ዘመን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳያንቀላፋ የሚጠብቅ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ የዓመት ፈቃድ የማያውቅ፣ ሲያረጅ ጡረታ፣ ሲሞትም ተዝካር የማይጠብቅ አገልጋይ በየደጁ አቁሞ የሚያድር ሕዝብ ቢገኝ፣ የምጣኔ ሀብት ምሥጢር ከሁሉ አስቀድሞ የተገለጠው ለእርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህንም ሕዝብ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያሻም፤ በዋግ ደጋ፣ የደሃና ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአምደወርቅ፣ ከዚያም ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች፣ በየአጥሩ ሥር ተጠቅልሎ የሚታየው ውሻ በቂ ምስክር ነው። ስለዚህ ውሻ ለማሳደግ ያሰበ ሁሉ ከሩቅ አገር መጽሐፍ ከማስመጣቱ በፊት የእኛን ሥርዓት ይማር ዘንድ፣ እንደ ታየኝ መጠን ጽፌ ማቆየት ይገባኛል ብዬ ተነሣሁ።

ሥርዓቱ ከቡችላው አመራረጥ ይጀምራል። ቡችላ በገንዘብ አይገዛም፤ ገንዘብ የወጣበት ነገር ሲጠፋ ያስቈጫልና፣ የሚያስቈጭ ነገር ደግሞ ያሳስባልና። የጎረቤት ውሻ ስትወልድ ወንድ ወንዱ ይለቀማል፤ ሴቶቹ ግን አድገው የውሻ ጭፍራ እያስከተሉ ደጃፍ ያውካሉ ተብሎ፣ በጆንያ ታጭቀው ከመንደሩ ማዶ ከጅረት ዳር ይጣላሉ። ከተጣሉት መካከል ዕድል የቀናቸው አድገው፣ ወልደው፣ ተዋልደው፣ ጌታ የሌለው መንጋ ሆነው ወደ ገበያው ሲመለሱ፣ ያው የጣላቸው ሰው «ይህ ሁሉ ውሻ ከየት መጣ?» ብሎ በቅን ልቡና ይደነቃል። የተመረጠው ወንድ ቡችላ ደግሞ ጆሮው በምላጭ ይቈረጣል። ጆሮው ያጠረ ውሻ ቁጡ ይሆናል፣ ጅብ ቢገጥመውም መያዣ አያገኝለትም የሚል ትምህርት ከአባቶቻችን ወርሰናል፤ ቁጣው ከጆሮው ማጠር ይምጣ ወይም ከምላጩ ትዝታ ግን ጠይቆ የተረዳ የለም። ጠቢቡ ሰሎሞን በማያገባው ጠብ ጥልቅ የሚለውን ሰው የውሻ ጆሮ ከሚይዝ ጋር እንዳመሳሰለው የታወቀ ነው። የእኛ ውሻ የሚያዝ ጆሮ ስለሌለው ይሆናል፣ በሰው ጠብ ጥልቅ ማለት በመንደራችን እንደ ነውር ሳይቈጠር የቀረው።

ስለ ቀለቡ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ብዙ የለምና። ያደረ እንጀራ መጀመሪያ ለልጆች፣ ቀጥሎ ለድርቆሽ፣ ቀጥሎም ለዶሮዎች ይሆናል፤ ከእነዚህ ሁሉ ያመለጠ ቢገኝ የውሻው ነው። ዝናብ በቀረ ቍጥር ሰው ራሱ የርዳታ ስንዴ ተሰልፎ በሚጠብቅበት አገር ውሻ ለምን አልጠገበም ብሎ የሚከራከር አይኖርም፤ እኔም አልከራከርም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ስም የተሰየመው ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ሲታወጅ፣ ስለ ውሻ አንድም ቃል አለማንሣቱ አግባብ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ፣ ዝናቡ በጊዜው ጥሎ ማሽላውና ጤፉ ጎተራ በሞላበት ዓመት እንኳ የውሻው ድርሻ እንደ ድርቁ ዓመት ሆኖ መጽናቱ ነው። ሌላው ነገራችን ሁሉ ከወቅት ወቅት ሲለዋወጥ፣ ይህ አንዱ ሥርዓት አልተናወጠም።

ጾሙንማ ከምእመኑ አብልጦ ይጾማል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ገብቶ ሥጋና አጥንት ከቤት ሲጠፋ፣ ውሻው የንስሐ አባት ሳያዝዘው ይጾማል፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ አጥንቱ በአባወራው፣ በልጆቹና በእንግዳው ተራ በተራ ተግጦ ነጭ ከሆነ በኋላ ስለሚጣልለት፣ እርሱ ትንሣኤን የሚያከብረው በማሽተት ብቻ ነው። በትግራይ የጅብን ኑሮ ያጠኑ ሊቃውንት በ2004 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዚሁ በጾሙ ወራት የሥጋ ትራፊ ሲያጥር ጅብ ፊቱን ወደ አህያ እንደሚያዞር ከእዳሪው ውስጥ ባገኙት ፀጉር አስረድተዋል። ጅብ እንግዲህ መላ አላጣም። የእኛ ውሻ ግን ባዶ ሆዱን ሆኖ አህያውን ከዚያው ከጅብ ሲጠብቅ ያድራል፤ ንጋት ላይም ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው የሚጮኸው ተብሎ ይተረትበታል።

ደስታውስ የለምን? አለ እንጂ። ባለቤቱ በገበያ ቀን ከጠላ ቤት አምሽቶ ሲመለስ፣ ሚስት አኩርፋ፣ ልጆች ተኝተው፣ ጎረቤትም በሩን ዘግቶ ሳለ፣ ጭራውን እየቈላና በሆዱ እየተሳበ ከአጥሩ ማዶ ድረስ ሮጦ የሚቀበለው ፍጡር ያ ውሻ ብቻ ነው። ለዚህም አቀባበል «ክላ!» የሚል ቃል ከጫማ ጫፍ ጋር ይመለስለታል፤ ውሻውም ይህን እንደ ቡራኬ ተቀብሎ በማግስቱ ማታ እንደገና ይሰለፋል። ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የሚገኘው ከስሙ ነው። ጎረቤትን ፊት ለፊት መስደብ ሽማግሌ ያስቀምጣል፣ ካሳም ያስከፍላል፤ ውሻን «ምቀኛ ይየው» ወይም «ምን አገባህ» ብሎ ሰይሞ፣ ማታ ማታ ከአጥር ሥር ቆሞ በታላቅ ድምፅ መጥራት ግን በየትም ሸንጎ አያስጠይቅም። ይኸው መልእክት በፖስታ ቤት በኩል ቢላክ እንኳ ቴምብር በጠየቀ ነበር። በአዲስ አበባ ውሾቻቸውን «ቡቺ» እና «ጃክ» እያሉ የሚጠሩ ሰዎች ይህን የመሰለ ነፃ የመገናኛ መሥመር እንዴት በከንቱ እንደሚያባክኑት ሳስብ አዝናለሁ።

በመጻሕፍት በኩልም ጠንካራ መሠረት አበጅተናል። ውሻ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን እንዳይዘልቅ በትር ይዞ የሚከላከለውን ሰው አልነቅፍም፤ ሥርዓት ነውና። ነገር ግን ስለ ውሻ ጥቅስ ሲፈለግ ኤልዛቤልን የበሉት ወዲያው ይገኛሉ፤ በውጭ ይቀራሉ የተባሉትም ከዮሐንስ ራእይ ሳይዘገዩ ይመጣሉ። ወጣቱን ጦብያንና መልአኩን ሩፋኤልን ተከትሎ ያን ሁሉ ጎዳና የተጓዘው ውሻ ግን፣ በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፎ ሳለ፣ ስብከት ሲሰበክበት ሰምቼ አላውቅም። የአልዓዛርን ቍስል የላሱት ውሾች ቢነሡም የድኻውን መዋረድ ለማስረዳት ይነሣሉ እንጂ፣ በዚያ ባለጸጋ ደጅ ወደ ቍስለኛው የቀረቡት እነርሱ ብቻ መሆናቸው ሳይወሳ ይታለፋል።

የጥበባችን ራስ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነው፤ ይኸውም ውሻው በሌሊት ባለቤት እንዲኖረው፣ በቀን ግን እንዳይኖረው ማድረጋችን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071፣ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ከእጁ ድንገት አምልጦ ለሚያደርሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ ነው ብሎ ይደነግጋል። ያው ሕግ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ካላጠፋ፣ የቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከኃላፊነት የሚወጣበትን በር ከፍቶለታል፤ በዚህም መሠረት የተነከሰ ሰው የነከሰውን ውሻ በካሳ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይቻለዋል። ሕግ አርቃቂዎቹ ብዙ ደክመዋል፤ ነገር ግን የእኛን ሰው አላወቁትም። ውሻን ለማስረከብ አስቀድሞ ውሻ ያስፈልጋል፤ ከተነከሰ ሰው ፊት ደግሞ ውሻ ያለው ሰው በመንደሩ ተፈልጎ አይገኝም።

ፍየል ሲጠብቅ የዋለ ብላቴና ባቱን ተነክሶ እያነከሰ ሲመጣ ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። «ውሻው የማን ነው?» ይባላል። ትናንት ማታ በስሙ ሲጠራው የሰማነው ሰው ጋቢውን እያስተካከለ፣ «እኔ ውሻ የለኝም፤ ከደጄ የሚያድረው ራሱ ፈቅዶ ነው» ይላል። ሽማግሌዎቹም የራሳቸው ደጅ ትዝ ስለሚላቸው ነገሩን አያጠብቁትም፤ ለልጁ ጥቍር ፀጉር ተቃጥሎ ይነሰነስለት፣ ጠበልም ይውረድ ብለው ይነሣሉ። በጠበል አልቀልድም፤ የምቀልደው፣ አርባ እርምጃ ርቆ የሚገኘው ሳሙና ሳይነካ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ የሚገኘው መድኃኒት አዋቂ በሚፈለግበት ጥበብ ነው። በእብድ ውሻ ምራቅ ወደ ቍስል የሚገባው ቫይረስ የነርቭን መንገድ ይዞ ወደ አንጎል ሲያዘግም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥቦ፣ ክትባቱን ሳያዘገዩ ለጀመሩ ሰዎች ያ ጊዜ የምሕረት ጊዜ ነው። ሉዊ ፓስተር አንድ የተነከሰ ልጅ በዚህ መንገድ ያዳነው በ1877 ዓ.ም. ነበር። የእኛ ብላቴና ውሃ ሲያይ መደንገጥ ከጀመረ በኋላ ግን ፓስተርም፣ መድኃኒት አዋቂም፣ ሽማግሌም የሚያደርጉት የለም። በሰው ላይ ከሚደርሰው ከዚህ በሽታ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ከውሻ የሚመጣ መሆኑን፣ ከሚሞቱትም ከመቶው አርባው ያህል 15 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች መሆናቸውን የዓለም የጤና ድርጅት ይናገራል። እረኛው ማን እንደ ሆነ፣ የመንደሩንም ውሻ ሁሉ ደጅ ለደጅ የሚያልፈው ማን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ቍጥሩ አያስደንቀውም።

የልጁ አባት ክትባት ፍለጋ ሁለት ፍየል ሽጦ፣ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ሰቆጣ፣ ከዚያም ካጣ አልፎ ይሄዳል። ክትባቱ ራሱ ለረጅም ዘመን በአገራችን ሲሰጥ የኖረው ከበግ አንጎል የተቀመመ፣ ቀን በቀን እየተመላለሱ ሆድ ላይ የሚወጉት ነበር፤ ይህን ያዩ ሰዎች ሕመሙን ከመድኃኒቱ ለይተው መፍራት አቅቷቸው ኖረዋል። የውሻው ክትባት ግን በዓመት አንድ መርፌ ነው። ከመቶ ውሾች ሰባው ቢከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉን ያቆማል ይባላል፤ በዚያውም ጎረቤታችን ላስታ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የቀሩት ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች፣ በ1996 ዓ.ም. በባሌ ዘመዶቻቸውን የፈጀውን መቅሠፍት ሳያዩ ይኖሩ ነበር። ነገር ግን የተወጋ ውሻ ይሰንፋል የሚል ሥጋት አለብን። መርዝ የተቀባ ሥጋ ሲበላስ ይሰንፋልን ብሎ የጠየቀ የለም። ከየከተማው ማዘጋጃ ቤት የሚመጣው ይህ ግብዣ፣ ውሻው ሳይጋጥበት ሙዳ ሥጋ የሚቀምስበት ብቸኛ ቀን ነውና፣ ሲጠራ ሳይጠራጠር ይመጣል። የታሰረ ውሻ፣ ያልታሰረ ውሻ፣ የሚነክስና የማይነክስ፣ ማዕዱ ላይ ልዩነት አይደረግባቸውም። በማግስቱ ጠዋት ሬሳው በጋሪ ሲሰበሰብ ከባለቤቶቹ አንድም ሰው መጥቶ «ይህ የእኔ ነበር» አይልም፤ ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሌሊት ጅብ ያለ ተቃውሞ መንደር ካቋረጠ በኋላ ግን፣ ቡችላ የወለደች ውሻ የት አለች እየተባለ ይጠየቃል።

እንግዲህ አንድ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ወደ አንዱ መንደር ወጣ እንበል። ከመጀመሪያው በር ላይ ቆሞ፣ «አያ፣ ውሻ አለዎት?» ይላል።

«የለኝም፣ ልጄ።»

«ይህ ከእግርዎ ሥር የተኛውስ?»

«ይህማ መንገደኛ ነው።»

«ከመጣ ስንት ጊዜው ይሆናል?»

«ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሞላው።»

በሁለተኛው ቤት እመቤቲቱ ከምድጃው ሳትነሣ፣ «ለእኛስ ምን ተርፎን ነው ውሻ የምናኖረው!» ትላለች፤ ውሻውም ከጀርባዋ ሆኖ ይህን ምስክርነት በማጓራት ያጸናል። በሦስተኛው ቤት የውሻ ግብር ሊጣል ነው የሚል ወሬ ቀድሞት ደርሷል። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው በር ከተጓዘ በኋላ ወጣቱ ቅጹን አውጥቶ፣ የውሻ ብዛት በሚለው ዓምድ ሥር «የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ይፈርማል፤ ማኅተሙም ከወረዳው ይመታበታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሣጥኑን አንግቦ ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ በመዝገብ የሌሉት ውሾች በሙሉ ከየአጥራቸው ሥር ተነሥተው እየጮኹ ይሸኙታል። ይህን ጊዜ ከሰባት ዓመቱ መንገደኛ ቤት ባለቤቱ ብቅ ብሎ፣ «ምን አገባህ! ኧረ ምን አገባህ!» እያለ በታላቅ ድምፅ ይጣራል፤ ወጣቱም የተጠራው ውሻው ይሁን እርሱ ራሱ ሳይገባው፣ ድንጋይ በእጁ እንደ ጨበጠ እርምጃውን ያፈጥናል።