የአርባ ቆርቆሮ ቤት

ተረት ተረት።
የላም በረት።

ርብና ጉማራ ወደ ጣና ቁልቁል ከሚነሡበት ከጉና ተራራ ላይ፣ አያ ሽኮኮ የሚባል ጭራ የሌለው ጨዋ ይኖር ነበር። ቤቱ የዓለት ንቃቃት ነበረች፤ ከላይ በጓሳ የተከደነች። ክዳኑ ባረጀ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ብቻውን ግን አይደለም። ጭላዳ ሣሩን ያጭዳል፣ ፍልፈል ጭቃ ያቦካል፣ ጃርት ክዳኑን ይወጋል፣ እሜት ሽኮኮ ጠላ ትጠምቃለች። ሲመሽ ቤቱም ያልቃል፣ ጠላውም ያልቃል። ዕዳ ቀረ ከተባለ ሌላ ቀን በሌላው ቤት በጉልበት ይመለሳል።

ከደጃፉ አንድ ጥማድ የምታህል የጓሳ መሬት አለችው። ለመሬቷ አረንጓዴ ደብተር ወጥቶላታል። ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጎታ ውስጥ ይቀመጣል፤ እሜት ሽኮኮ ለዓመት በዓል እያወጣች አቧራውን ትጠርግለታለች።

ሴት ልጃቸው ስትደርስ ከጋይንት በኩል ሽማግሌ መጣ። ዋናው ሽማግሌ ጠላ ተቀዳለት፤ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ቀና ብሎ ጣራውን አየ።

«ክዳኑ ምንድን ነው?»

«ጓሳ ነው።»

«ጓሳ መሆኑንማ አየሁ። እስከ መቼ ነው ያልኩት?» አለ። ቀጥሎም የእነሱ ልጅ ቤት ባለ አርባ ቆርቆሮ መሆኑን እንደ ዋዛ ጣል አደረገና ዋንጫውን ሳይጨርስ አስቀመጠ።

እኛ አገር ቤት የሚለካው እንዲህ ነው፤ በክፍል ሳይሆን በቆርቆሮ። የሃያ ቆርቆሮ ሰው አለ፣ የስልሳ ቆርቆሮ ሰው አለ። ግድግዳው ባሕር ዛፍና ጭቃ ነው። ፋርጣ ላይ ባሕር ዛፍ ለገበሬው የቁጠባ ደብተሩ ስለሆነ እንጨት አያጣም፤ ጭቃውን ደቦ ይመርገዋል። ጥሬ ብር የሚጠይቀው ክዳኑ ነው። ስለዚህ ሰው የሚታየውም የሚታማውም በክዳኑ ነው።

ያን ሌሊት እሜት ሽኮኮ፣ «ዘንድሮ አሥር እንግዛና እልፍኙን እንክደን። ለከርሞ ደግሞ አሥር። ሌላው በጓሳ ይቆይ» አለች።

«ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ጓሳ? ሚዜ ሊስቅብን!»

በማግሥቱ ወደ አለቃ ቁራ ሄደ።

የጉና ቁራ ከማጅራቱ ላይ ነጭ አለችበት፤ ጥምጥሙ ወደ ኋላ የተንሸራተተበት ደብተራ ይመስላል። ደብረ ታቦር ገበያና ተራራው መካከል ሲመላለስ ነው የሚውለው። በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሲሠራ አያቶቹ ፍንጣሪ ይለቅሙ እንደነበር ያወራል። ውሸት ሳይሆን አይቀርም፤ ቁራ ትኩስ ብረት አይነካም። የበረደውን ግን ያውቅበታል።

«አርባ ቆርቆሮ፣ ባለ 32 ጌጅ፣ ምስማሩ ከነቆቡ» አለው። «ወለድ አልቀበልም። ክርስቲያን ነኝ።»

«ታዲያ ምን ይጠቀማሉ?»

«ሣሩን። አርባውን እስኪመልሱ ጓሳው እኔ ዘንድ ይቆያል። ወለድ አገድ ነው።»

«መሬቴን ሊወስዱብኝ?»

ቁራ ክንፉን ዘርግቶ ሳቀ። «ኧረ በስመ አብ! መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ተጽፎ ያለ ነገር ነው። ደብተርዎ እዚያው ጎታዎ ውስጥ ይቀመጥ። እኔ የምፈልገው የሚበቅለውን ብቻ።»

እዚህ ላይ ተረቱን ትንሽ ላቁመው። ቁራው አልዋሸም። ወለድ አገድ የአያቶቻችን ውል ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ያውቀዋል። ያው ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ አራጣ አበዳሪን ይቀጣል። ሣር ግን በመቶኛ አይታጨድም። ነዶውን ወደ ወለድ መልሶ የሚያሰላ ዳኛ ጉና ላይ አልተሾመም። መሬቱ አልተሸጠም፣ ደብተሩ አልተነካም፣ ወለድ የሚባል ቃልም አልተነሣ። ታዲያ በምን ይከሰሳል?

ጃርትና ፍልፈል ዋስ ሆነው አሻራቸውን ሰጡ። ቤቱ ተከደነ። በጥር ሠርጉ ተሠረገ፤ ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ስታርፍ ከታች ከደብረ ታቦር የሚታይ መሰላቸው። ሽማግሌውም ያን ቀን ጠላውን ጨለጠ።

ሠርጉ ሲያልፍ ሽኮኮ ምን እንደሚበላ ጠየቀ። ቁራ እንግዳ ነገር እንደተጠየቀ ሁሉ፣ «እኩል ያጭዱታ!» አለው። እናም አያ ሽኮኮ በገዛ ደጃፉ፣ በገዛ ደብተሩ መሬት ላይ እኩል አጫጅ ሆነ። ግማሹን ለቁራ ይሸከማል፣ በግማሹ ይኖራል።

ቁራ ዕዳውን በቅል ውስጥ በጠጠር ነው የሚይዘው፤ ለአንድ ቆርቆሮ አንድ ጠጠር። በመጀመሪያው ኅዳር ሽኮኮ አሥር ሸክም ሣር አወረደ። ላቡን ጠራርጎ ከቅሉ ጠጠር ሊያነሣ እጁን ሲልክ ቁራ ክንፉን ከላይ አሳረፈበት።

«ይሄ ያመጡት የወለዱ ነው። ጠጠሩ የዋናው ነው።»

«ወለድ አልቀበልም ብለው አልነበር?»

«አልተቀበልኩም። ሣር ነው የተቀበልኩት።»

በሁለተኛው ዓመትም አሥር ሸክም፤ ጠጠሩ አርባ። በሦስተኛው ክረምት በረዶ መታው። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ ባልና ሚስቱ አጠገብ ለአጠገብ ተኝተው አይሰማሙም ነበር። ሲነጋ ጓሳው ከመሬት ተጣብቋል። ቁራ አዘነላቸው፤ እውነቱን ልናገር፣ ከልቡ ነው ያዘነው። ስንቅ የሚሆን ሣር ከክምሩ አበደራቸውና ቅሉ ውስጥ ስድስት ጠጠር ጨመረ። በአራተኛው ዓመት ያጎደለውን ዋሶቹ ተጠየቁ፤ ፍልፈል ጓዳውን ከፈተ፣ ጃርት እሾሁን ነቅሎ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ጃርት ሰላምታ አይሰጠውም።

ከመስቀል በኋላ ሽመላ መጣች። ባሕር ማዶ የምትፈለፍለው ሰው ጣራ ላይ ስለሆነ ስለ ጣራ ብዙ ታውቃለች። ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ቆማ የሽኮኮን ታሪክ ሰማችና እንዲህ አለች። «አሜሪካም እንዲህ ሆኗል ይላሉ። ገቢህ አይበቃም ለተባለው ሁሉ ቤት በብድር ሰጡት። ሁለት ዓመት ወለዱ ዝቅ ይላል፤ በሦስተኛው ዘሎ ይወጣል። አበዳሪው የዕዳውን ወረቀት ለሌላ ይሸጣል፣ ያም ለሌላ። መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ሌማን ብራዘርስ የሚባል የ158 ዓመት ባንክ ኪሳራውን አወጀ። ያኔ ባለቤቱ ቤቱን ተነጥቆ እንኳ የነጠቀው ማን እንደሆነ ለማወቅ ተቸገረ።»

«እኔስ ቁራዬን አውቀዋለሁ» አለ ሽኮኮ፣ እንደ መጽናኛ።

«ለምን ባንክ አትሄድም?»

የመሄጃው መንገድ በወረቀት ተጠርጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር እንዲያሲዝ ይፈቅዳል። እኔ ብጠየቅ ባንኩን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ስትከፍለው ጠጠር ያነሣል። ግን በረዶ የመታው ጓሳ ለባንክም ያው የተመታ ጓሳ ነው። የክዳን ዕዳ ደግሞ እንደ በሬ ዕዳ አይደለም፤ በሬው አርሶ ራሱን ይከፍላል፣ ቆርቆሮው ግን ያበራል እንጂ አያርስም። እሜት ሽኮኮ ይህን ያለ ባንክ ታውቀው ነበር። አሥር አሥር ያለችው ለዚህ ነው።

በአምስተኛው ኅዳር ሽኮኮ ማጭዱን ይዞ ሲወጣ መሬቱ ላይ ሌላ አጫጅ አጎንብሶ አገኘ። አጫጁ ቀና አለ፤ ያ ከጋይንት የመጣው ሽማግሌ ነው።

«ምን ይሠራሉ እዚህ?»

«አለቃ ቁራ ላከኝ። የእኔን መሬት ለሌላ ሰጥቶት…» ዓይኑን ከማጭዱ አላነሣም።

«የአርባ ቆርቆሮው ቤትስ?»

«አርባው ያው ነው። ጠጠሩ ስልሳ አንድ ገብቷል።»

«የእኔ አርባ ስድስት።»

ብዙ ዝም አሉ። ነፋሱ ጓሳውን አስተኝቶ አነሣው።

«ያኔ ጠላዬን ሳይጨርሱ ነው የሄዱት» አለ ሽኮኮ።

«ጠላውማ ደግ ነበር። እናንተ እንዳትንቁን ፈርተን ነው እንጂ፣ እኛም ከተከደንን ወር አልሞላንም ነበር።»

ሽኮኮ ከትከት ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ዞሮ ጣራውን ተመለከተ፣ ከዚያ ገና ያልታጨደውን ጓሳ።

«አርባ ቆርቆሮ ለማውረድ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«በደቦ ከሆነ እስኪመሽ።»

«አርባውን እስኪመልሱ ነው ያለኝ። እንመልስለታለን።»

«ከአርባው በላይ ያለውን ጠጠርስ?»

«አምስት ዓመት የበላውን ሣር ሸክም በሸክም እንቆጥርለታለን» አለና ማጭዱን ወገቡ ላይ ሻጠ። «ጃርትን እኔ ሄጄ እለምነዋለሁ። እርስዎ ፍልፈልን ይጥሩልኝ። ብዙ ጠጠር ያስፈልገናል።»