ባለሞተሮቹን ፍለጋ፣ ከጾሬ

አሶሳና አካባቢዋ ያለ ሞተር አይንቀሳቀሱም። ወደ ሆሞሻና ወደ ኩርሙክ የሚወስደውን መንገድ የተጓዘ ሰው ይህን ያውቃል። ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ የምትደርሰው፣ በኬሻ የታጨቀው ማንጎ ገበያ የሚወጣው፣ ለቅሶ የሚደረሰው፣ ሠርግ የሚታደመው በሞተር ነው። ጾሬም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚህ በተከፈተው የስደተኞች መጠለያ በብዛት የሚኖሩት ከሱዳኗ ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ሞተር መጠገን የሚችሉ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም።

ከእነዚህ አንዱ ካንዴላ እየጠረገ፣ “መምህር፣ በሞተር መጀመሪያ የተሽቀዳደሙት እነማን ናቸው?” ሲል ጠየቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ “ዘር ተክተዋል?” አለኝ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አላጣሁም። ሁለተኛው ግን ሰላም ነሳኝ። ጠያቂው ከቤተሰቡ የተለየው በልጅነቱ ነው፤ ስለ ሰው ሲጠይቅ ስለ ዋንጫው ሳይሆን ስለ ቤቱ ነው የሚጠይቀው።

ከመጀመሪያዎቹ መካከል በአይል ኦፍ ማን የተሽቀዳደሙትን አነሣሁለት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እንግሊዞች በሕዝብ መንገድ ላይ መሽቀዳደምን ከልክለው ነበር። የአይል ኦፍ ማን ደሴት ግን የራሷ ሸንጎ ስላላት መንገዷን ፈቀደች። እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 1907 ሀያ አምስት ባለሞተሮች ተነሡ፤ ዙሩን አሥር ጊዜ መዞር ነበረባቸው፤ ይህም ወደ 254 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በባለ አንድ ሲሊንደሩ ምድብ ቻርሊ ኮሊየር በማችለስ ሞተር አሸነፈ፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በባለ ሁለት ሲሊንደሩ ያሸነፈው ሬም ፋውለር የነዳው ኖርተን የፔዦ ሞተር የተገጠመለት ነበር። ፋውለር መንገድ ላይ ካንዴላ ሲለውጥ፣ ጎማው ሲፈነዳበት፣ ቺንጊያው ሲያስቸግረው ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ሳለ፣ አንድ ተመልካች በግማሽ ሰዓት እየመራ መሆኑን ነገረው። ያን ሰምቶ ጎማውን ጠገነና ጨረሰ። የጾሬው ጠጋኝ ይህን ሲሰማ ሥራውን አቁሞ አጨበጨበ።

ይህ ሁሉ በስፖርት መጻሕፍት ውስጥ አለ። የሰዎቹ ቤት ግን የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። እንግሊዝ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ ማስፈር የጀመረችው በጁላይ 1837 ነው፤ በየአሥር ዓመቱም ሕዝቧን ትቆጥራለች። መዝገቡን በኢንተርኔት ለማየት የሚከፈለው በውጭ አገር ካርድ ሲሆን እኔ ዘንድ አልነበረም። ሎንዶን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ከሥራ መልስ እየፈለገች በቴሌግራም ትልክልኝ ጀመር። ጾሬ ላይ ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ምስሉ ግማሽ ድረስ ወርዶ ይቆማል። ስለዚህ አሶሳ ወርጄ ማሳተም ግድ ሆነ፤ አሶሳ ስደርስ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ያመሸበት ቀን አለ።

መዝገቡም ራሱ ይፈትናል። የማችለስን ድርጅት ፕለምስቴድ በተባለው የሎንዶን ሰፈር የመሠረተው አባት ሄንሪ ኮሊየር ነው። በ1909 የአይል ኦፍ ማንን ውድድር ያሸነፈው ልጁ ደግሞ ሃሪ፣ የቻርሊ ወንድም። ሃሪ ማለት ሄንሪ ነው፤ አባትና ልጅ አንድ ስም፣ አንድ ሙያ፣ አንድ ቤት። ለያይቶ ለማወቅ ዕድሜያቸውን ከቆጠራ ወደ ቆጠራ መከተል ያስፈልጋል። ፋውለር ግን ቀሎን ነበር፤ እናትና አባቱ “ሬምብራንት” የሚል ብርቅ ስም ስለሰጡት ከአገሩ ፋውለሮች ሁሉ ለብቻው ይታያል።

ከሁሉ የነካኝ በኤፕሪል 2 ቀን 1911 የተካሄደው ቆጠራ ነው። ቅጹን የሞላው አባወራው በገዛ እጁ ነው፤ የተቀመጠልንም ያው የእጅ ጽሑፉ ነው። ያገባችን ሴት ስንት ዓመት በትዳር እንደኖረች፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደወለደች፣ ስንቱ እንዳለና ስንቱ እንደሞተ ይጠይቃል። በዚያች ሌሊት ባለሞተሩ ቪክተር ሰሪጅ በሕይወት ነበር። በጁን ወር ለውድድሩ ሲለማመድ ወድቆ በደሴቲቱ መንገድ የሞተ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሆነ። በዚያው ዓመት በአሜሪካው ኢንዲያን ሞተር ትልቁን ውድድር ያሸነፈው ኦሊቨር ጎድፍሬይ በ1916 የጦር አብራሪ ሆኖ ፈረንሳይ ሰማይ ላይ ወደቀ። የእሱን ፈለግ የሚጨርሰው የጦር ሙታን ዝርዝር ነው።

እነዚህን ወረቀቶች አሳትሜ ስመለስ ዝናቡ ያዘኝ። ጭቃው ላይ የሞተሩ ካቴና ተበጠሰ። የነበረኝ አማራጭ ከመንገዱ ዳር ወዳለ የሽመል ቤት መጠጋት ነበር። ባለቤቱ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። “ግባ ልጄ” አሉኝና የራሰውን ወረቀት አንድ በአንድ ከእሳቱ ዳር ዘረጉልኝ፤ ቡናም አፈሉ። የማን ወረቀት እንደሆነ ስነግራቸው ከልብ አዳመጡኝና፣ “እኛ ግን አፋችን ነው መዝገባችን” ብለው አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን እያሉ ወደ ላይ ቆጠሩ። አያታቸው የአካባቢው ገዥ በነበሩት በሼኽ ሆጀሌ ዘመን ወርቅ ያጥቡ እንደነበር አጫወቱኝ። የሼኽ ሆጀሌ ስም አዲስ አበባ ላይ ሸጎሌ በሚባለው ሰፈር ቀርቷል። ወርቁን ያጠቡት ሰዎች ስም ያለው እንዲህ ባሉ ሽማግሌዎች አፍ ነው። ማታውን አንድ ባለሞተር ካቴናውን ቀጠለልኝና መንገዴን ቀጠልኩ።

የሽማግሌው ቆጠራ የሁለቱን አገር ልማድ እንዳመዛዝን አደረገኝ። እንግሊዝ የቤተሰብ ስም ስላላት ወንዱን ከአባቱ እስከ ቅም አያቱ መከተል ይቻላል፤ ሴቲቱ ግን ስታገባ ከመዝገቡ ትጠፋለች። ብሩክላንድስ በተባለው ሜዳ በ1934 በኖርተን ሞተር በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ዞራ የወርቅ ኮከብ ያገኘችው መሐንዲስ ቢያትሪስ ሺሊንግ በ1938 ስታገባ ኔይለር ትባላለች፤ ይህን የማያውቅ ፈላጊ እዚያ ላይ ይቆማል። የእኛ ሴቶች የአባታቸውን ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘው ይኖራሉ። በእኛ ዘንድ የሚጠፋው የአያት አባት ነው፤ የሚያውቀው ሽማግሌ ሲሞት አብሮ ይሄዳል።

ወረቀትም ዘላለማዊ አይደለም። የእንግሊዝ የ1931 ቆጠራ በ1942 በእሳት ወድሟል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ማህደር አብዛኛው በሴፕቴምበር 1940 የጀርመን ቦምብ ባነሣው እሳት ጠፍቷል። ይህን ለጾሬው ወጣት ስነግረው አልደነቀውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሉ ናይል ላይ ጦርነት ሲነሣ ወረቀቱን ይዞ የሮጠ ጥቂት ነው። የልደት ቀናቸው የማይታወቅ ብዙ ስደተኞች በዓለም ዙሪያ በመዝገብ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለዱ ተብለው ይጻፋሉ።

ለወጣቱ ያገኘሁትን ሁሉ ሰጥቼዋለሁ፤ በእሱ ቋንቋ እየተረጎመ የሚያነብለት ጓደኛም አለው። ለእኔ የቀረው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ዋንጫ የሚያስታውሰው አሸናፊውን ብቻ ነው፤ እናቱን፣ የሞቱ ወንድሞቹንና የኖረበትን ቤት የሚያስታውሰው አንድ ሰው በትዕግሥት የሞላው ቅጽ ነው። በእኛም አገር ይህ ቅጽ አለ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል፤ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችም ተካተውበታል። ዛሬ ጾሬ ላይ የሚወለድ ሕፃን ስሙ፣ ቀኑ፣ እናቱና አባቱ ሊጻፉለት ይችላሉ።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ልጅ ከተወለደልህ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግብ፤ ጋብቻንና ሞትን በ30 ቀን። በቤትህ ሽማግሌ ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቀህ የአባቶቻቸውንና የእናቶቻቸውን ስም በደብተር ጻፍ። ሕጉ ለመዝገቡ ቀን ቆርጦለታል፤ ለሽማግሌው ግን የተቆረጠ ቀን የለም።