ጊታር ያነገተ እረኛ

ሽፍቶቹ የባንኩን ገንዘብ ዘርፈው አቧራውን እያቦነኑ ሲሸሹ፣ አሳዳጁ ጀግና ፈረሱን ገታ አድርጎ ጊታሩን ያወጣል። ከቁልቋሉ ጀርባ፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ቫዮሊኖች ያጅቡታል። ዘፍኖ ሲጨርስ ወደ ማሳደዱ ይመለሳል፤ ሽፍቶቹም ይሉኝታ አላቸውና ብዙ ርቀው አይጠብቁትም። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ እንደ ጉድ ያመረተቻቸው የዘፋኝ ካውቦይ ፊልሞች በዚህ ይሳቅባቸዋል። ይሳቅ፤ እኔም ወዳቸው ሳለሁ እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን «እውነተኛው ካውቦይ ዝም ብሎ የሚተኩሰው ነው» የሚል ፍርድ ከተሰጠ፣ እዚያ ላይ ይግባኝ አለኝ። ከሁለቱ ለእውነት የሚቀርበው ዘፋኙ ነው።

ካውቦይ ስሙ ቢገንም ደመወዝተኛ እረኛ ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከቴክሳስ ወደ ካንሳስ የባቡር ጣቢያዎች በሺህ የሚቆጠር ከብት በፈረስ ሆኖ ይነዳ ነበር። ሌሊት መንጋው ሲተኛ ፈረሰኞች በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞሩ ይጠብቁታል። ከሽፍታ ይልቅ የሚፈሩት ድንገተኛ ድምፅን ነው፤ ጭራሮ ቀጭ ቢል፣ መብረቅ ቢያጓራ፣ ያ ሁሉ ቀንዳም ደንብሮ ይነሳና ከፊቱ ያገኘውን ይደፈጥጣል። ስለዚህ እረኛው ቀስ ያለ ዜማ እያንጎራጎረ ይዞራል፤ ከብቱም «እሱ ነው» ብሎ ማመንዠኩን ይቀጥላል። ዘፈኑ የሥራ መሣሪያ ነበር። ጆን ሎማክስ በ1910 የካውቦይ ዘፈኖችን ሰብስቦ መጽሐፍ ያደረገውም የሚሰበሰብ ስላገኘ ነው። ሽጉጡስ? ዶጅ ሲቲን የመሰሉ የከብት ገበያ ከተሞች መሣሪያ ታጥቆ መዘዋወርን በሕግ ከልክለው ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሮበርት ዳይክስትራ የአምስት የካንሳስ ከተሞችን ታሪክ ቢፈትሽ፣ ከ1870 እስከ 1885 የተገደለ ሰው 45 ብቻ ሆኖ አገኘው። አምስቱ ተደምረው በዓመት ሦስት ሰው እንኳ አይሞላም፤ ደህና የሆሊውድ ተኳሽ ይህን ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ ሊከብደው አይገባም። ዋሽንት የሚነፋ እረኛና በሬውን በዜማ እያባበለ የሚያርስ ገበሬ እናውቃለን፤ ሳይሸልልና ሳይፎክር የሚተኩስ ጀግናማ ጭራሽ ያጠራጥረናል።

«ተዋናዮቹስ መቼ ከብት ጠብቀው ያውቃሉ?» ይባላል። ልክ ነው። ጂን ኦትሪ የባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። ሮይ ሮጀርስ ደግሞ ሊዮናርድ ስላይ ተብሎ ሲንሲናቲ ከተማ የተወለደ፣ በጫማ ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው። ቴክስ ሪተር ሕግ ሲማር የነበረ ነው። ሮጀርስን ጥልፍ በጥልፍ አድርጎ ያለበሰው ኑዲ ኮን እንኳ ከኪየቭ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። ግን ተኳሾቹስ? በኋላ የተኳሾች ሁሉ አለቃ የሆነው ጆን ዌይን በ1933 «ራይደርስ ኦፍ ዴስቲኒ» ላይ ዘፋኝ ካውቦይ ሆኖ ሲተውን ያንቀሳቀሰው አፉን ብቻ ነው፤ ጉሮሮው የሌላ ሰው ነበር። የፊልም ጥይት መቼም ባዶ ነው። ኦትሪና ሮጀርስ ግን የዘፈኑት በገዛ ጉሮሯቸው ነው። በፊልሙ ውስጥ ያልተጭበረበረ ነገር ቢኖር ያው የተሳቀበት ነገር ነው።

ሌላው ክስ ዘመን ማደበላለቃቸው ነው፤ ፈረስ፣ አውቶሞቢልና ሬዲዮ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ «ዘ ፋንተም ኢምፓየር»ን የሚያህል የለም። በ1935 የወጣ ባለ 12 ክፍል ተከታታይ ፊልም ነው፤ ኦትሪ ከመሬት በታች ባለ መንግሥት በሮቦቶች ተከቦ ሳለ፣ ጭንቀቱ በስምንት ሰዓት እርሻው ደርሶ በሬዲዮ መዝፈን ነው፤ ካልደረሰ ውሉ ይሰረዛል። ሮቦቱን ትተን ጭንቀቱን እንይ። ሥራ አጥነት አገሩን ባጥለቀለቀበት ዘመን፣ እንጀራው እንዳይቋረጥ ከገሃነም ደጃፍ ተመልሶ ሥራ የሚገባ ጀግና ቅዠት ነው ትላላችሁ? በ1938 ኦትሪ በክፍያ ተጣልቶ ከስቱዲዮው ሲቀር የተተካው ሮጀርስ ደግሞ በመጀመሪያ የመሪ ተዋናይነት ፊልሙ ለኮንግረስ የሚወዳደረው ድርቅ ለመታቸው ገበሬዎች ውኃ ለማስገኘት ነው። «አክተር አይሞትም» የሚለው የሲኒማ ቤት ሕግ እዚህም የተከበረ ነው፤ ጉዳዩ ግን የዕለት ጉዳይ ነበር።

አንዱን ክስ ግን አልከላከልም። ከእውነተኞቹ ካውቦዮች መካከል ብዙ ጥቁሮች ነበሩ፤ የትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ዘፋኞች ግን ነጭ በነጭ ነበሩ። የጥቁሮቹ ዘፋኝ ካውቦይ ኸርብ ጄፍሪስ በ1937 «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬሪ»ን፣ በኋላም «ዘ ብሮንዝ ባካሩ»ን የሠራው በአብዛኛው በዘር ለተለዩ ሲኒማ ቤቶች ነው። ተኳሾቹም ከዚህ አልነጹም፤ ያ ግን ለዘፋኞቹ ማምለጫ አይሆንም።

የቀሩት ከቁልቋሉ ጀርባ ያሉት ቫዮሊኖች ናቸው። ለእነሱ መልስ የለኝም። ሆኖም ጥያቄው ለዘፋኙ ብቻ ለምን ይቀርባል? በ1952 የወጣውን «ሃይ ኑን»ን ተመልከቱ፤ ከተኳሽ ፊልሞች ሁሉ ኮስታራው ነው። ጋሪ ኩፐር ሞቱን እየጠበቀ በባዶ መንገድ ላይ ይራመዳል፤ አንዲት ስንኝ አይወጣውም። ከጀርባው ግን አንድ ሰው ፍርሃቱን በዜማ ይነግረናል፤ ዘፈኑም ኦስካር አግኝቷል። ያ ድምፅ የቴክስ ሪተር ነው።