ባለሜዳው ሻንጣውን ይዞ መጣ

መጋቢት 2017፣ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ጅቡቲን 6 ለ 1 በረፈረፉ ማግስት፣ ተጂ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የሱሉልታና የተጂ ሰዎች ተገናኙ። ሰልፉ አልተንቀሳቀሰም፤ ምላስ ግን ተንቀሳቀሰ።

የቡራዩው ጀመረ፦ «በሜዳችን ስድስት አገባን!»

«የት ያለው ሜዳችን?» አለ የሱሉልታው።

«ሞሮኮ!»

«የአፍሪካ እግር ኳስ አስተዳዳሪው ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም ሲዘጋብን፣ የሰው ባሕር ዳር ሄድን በለኛ!»

የቡራዩው ወደ ሰበታው ዞረ፦ «ባቡሩ ከናንተ ተነስቶ ጅቡቲ ይገባል አይደል? ታዲያ ሁለት ጎረቤታሞች ሞሮኮ ድረስ ምን ወሰዳቸው?»

«ባቡሩ ኮንቴይነር እንጂ ዋልያ አይጭንማ!»

«አንተ እንኳ ዝም በል። ሰበታ ከተማ ፕሪሚየር ሊግ እያለ፣ በ2013 እና በ2014፣ ከሊጉ ጋር ከከተማ ከተማ ሲንከራተት ከርሞ ወረደ።»

«ደክሞት ነዋ! ዋልያም መንገዱን ያጠናው ከኛ ነው።»

የተጂው ጣልቃ ገባ፦ «እናንተ የምትስቁት ገና ሳትሰሙ ነው። ጳጉሜን 2016 ኮንጎን ዳሬሰላም ላይ ‹አስተናገድን›፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ኅዳር 2017 ደግሞ ታንዛኒያን ኪንሻሳ ላይ ‹አስተናገድን›፤ አሁንም 2 ለ 0። አንዱን እንግዳ በሌላው እንግዳ ቤት የሚጋብዝ ከኛ ሌላ ማን አለ?»

«ድግሱ የኛ፣ ድንኳኑ የጎረቤት!»

«ጮማውን የበሉት ግን እነሱ ናቸው።»

የሱሉልታው ደረቱን ነፋ፦ «እኛ ጋ እንኳን ዋልያ ሊሰደድ፣ እነ ሞ ፋራህ አየር ፍለጋ እንግሊዝን ጥለው መጥተው ይሮጡ ነበር።»

«ወንድሜ፣ አየር ሸጠን ሣር ተከራየን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ንግድ ያከስራል!»

የቡራዩው ሊያጽናና ሞከረ፦ «ፓኪስታንም በክሪኬት እንዲሁ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2009 ላሆር ላይ የስሪላንካ ቡድን ከተተኮሰበት በኋላ፣ አሥር ዓመት ያህል ‹በሜዳዬ› የምትለውን የአምስት ቀን ጨዋታ በአብዛኛው ዱባይና አቡዳቢ ነበር የምታደርገው።»

«እሷን ጥይት ነው ያስወጣት። እኛን የመልበሻ ክፍልና የመብራት ነገር!»

«ሜዳ ከሆነ የቸገረን የኛ በቾ አለ» አለ የተጂው።

«በቾማ ክረምት ላይ ካፍ ቢያየው ‹ዋናተኛ አምጡ› ይላል!»

እስከዚህ ድረስ ዝም ያሉት አዛውንት ከዘራቸውን አነሱ፦ «እናንተ ልጆች! በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው አዲስ አበባ ላይ ነው። ካፍንም ከመሠረቱት አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ይድነቃቸው ተሰማ በፕሬዚዳንትነት መርተውታል።»

«ጋሼ፣ እኛም በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፈናል። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው ያገቡት።»

«እሰይ! የት?»

«ሊሎንግዌ።»

«እሱ የት ሰፈር ነው?»

«ማላዊ ነው፣ ጋሼ።»

«በኛ ጊዜ ጨዋታው ግብፅን በማሸነፍ ያልቅ ነበር። እናንተ ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ አገራችሁ ለመምጣት አውሮፕላን ትጠብቃላችሁ?»

የሰበታው ተስፋ አልቆረጠም፦ «አደይ አበባ ስታዲየም ሲያልቅ እንመለሳለን።»

«ከ2008 ጀምሮ እየተሠራ ነው፤ የሜዳዋ አደይ እንኳ መስከረም በጠባ ቁጥር ትፈነዳለች!» አለ የቡራዩው።

ሁሉም ሳቁ። ነገሩ ግን ከሳቅ ያለፈ ነው። ባለሜዳ መሆን ማለት ሕዝቡ ጮኾልህ እንግዳው ሲርበተበት ነው፤ ከኅዳር 2014 እስከዚያ መጋቢት ድረስ ዋልያዎቹ ‹በሜዳቸው› እየተባሉ በሄዱበት አገር ሁሉ ግን የአውሮፕላኑም የሆቴሉም ወጪ የራሳችን፣ ጩኸቱ የሌላ ሰው ነበር።

ታክሲው መጣ። ረዳቱ፦ «ሰበታ! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል የተጂው ቀደመው፦ «ቡድናችንንም ጨምረህ ጫናት፤ አገር ቤት መግባት ከቻለች እጥፍ እንከፍላለን!»

ረዳቱም ቀበል አድርጎ፦ «ትርፍ አንጭንም፤ እሷ ደግሞ ከነሻንጣዋ ናት!»