የለቅሶ ቤት ጅምናስቲክ

ሳቅ ስፖርት ነው የሚለው ሐሳብ ዓለምን ከዞረ ቆይቷል። ማዳን ካታሪያ የተባሉ ህንዳዊ ሐኪም በ1995 እ.ኤ.አ. ሙምባይ በሚገኝ መናፈሻ አምስት ሰዎች ሆነው የሳቅ ክበብ ጀመሩ፤ ሁለት ሳምንት ያህል እንደሄዱ ቀልድ ስላለቀባቸው ያለ ምክንያት መሳቅን ሥርዓት አደረጉት። (ጎንደር ቢሆን ኖሮ የሚያልቀው ሰዓቱ ነበር።) እኛም ወደኋላ አልቀረንም። በላቸው ግርማ 3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ሳያቋርጥ በመሳቅ ስሙን ከአገር ውጭ ሳይቀር አስጠርቷል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የተሰማሩት አፍ ተከፍቶ በሚሳቀው ሳቅ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለሌላው ወገን ነው፤ ሰውነት የሚያጠነክረው የወጣው ሳቅ ሳይሆን እንዳይወጣ የተያዘው ነው። በዚህ ዘርፍ ደግሞ ከጎንደር ከተማ እስከ ዳባትና ደባርቅ ያለውን ደገኛ የሚስተካከል ያለ አይመስልም።

ሳቅን በየዓይነቱ መክፈል ይቻላል። ፈገግታ አለ፤ የሚሠራው ከንፈር ብቻ ስለሆነ ለጥናት አይበቃም። መገልፈጥ አለ፤ እሱ የጤና ሳይሆን የአስተዳደግ ጉዳይ ነው። ከት ብሎ መሳቅ አለ፤ ማሠልጠኛውም አዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊት ለፊት ቆሞ የአንዱን ቦርጭ በግጥም ሲያነሳ፣ ባለ ቦርጩ ከሁሉ ቀድሞ መሳቅና ከኪሱ አውጥቶ መሸለም ግዴታው ነው። ብሩ አሠልጣኙ ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ ቦርጩ ካለበት አይነቃነቅም። የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ ሳቅ የሚጠቅሱም አሉ። ጭላዳው ላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ ቱሪስቱ ሳቀልኝ ብሎ ካሜራውን ያነሳል፤ እንስሳው ግን እየዛተበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዝርዝሩ ወጥቷል።

የታፈነ ሳቅ ግን ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ሳቅ በማይፈቀድበት ሁሉ ይበቅላል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ማኅበር ላይ ጸሎት ሲደረስ፣ አማት ፊት። ለምለም የሚሆነው ግን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። በሕይወት ሳሉ ለዕድር መዋጮ ሽማግሌ ይላክባቸው የነበሩት አቶ እገሌ «እጃቸው ለመስጠት የተፈታ፣ ደጃቸው ለደኻ የተከፈተ» ሆነው ይቀርባሉ። በዚህች ቅጽበት የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ዓይን ከጸሐፊው ዓይን ጋር ይጋጫል። የጥናታችን ርእስ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥርስ ተነክሶ መሬት መሬት ይታያል፤ የመንጋጋ ሥራ ነው። ቀጥሎ ጉሮሮ ይጠረጋል። ይህ ጠረጋ ከጉንፋን የሚለየው ሁለት ጊዜ ብቻ ተደርጎ ድንገት በመቆሙ ነው፤ ሦስተኛው ሳቅ ሆኖ እንደሚያመልጥ ባለቤቱ ያውቃልና። ከዚያ ባለ አራት ድርቡ ጋቢ እስከ አፍንጫ ይሳባል። ድያፍራም ይገፋል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ የሆድ ጡንቻ ተወጥሮ ይቆያል፤ ክብደት የሚያነሳ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ትከሻ ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት «አይዞህ ልጄ፣ የእግዜር ሥራ ነው» እያሉ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል፤ ሸክሙ በእጥፍ ይጨምራል። እንባው እውነተኛ እንባ ነው፤ በየት በኩል እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ሴቶች በመሣሪያ ረገድ ይሻላሉ፤ በሐዘን ጊዜ ነጠላው ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ስለሚለበስ መሸፈኛው ከቦታው ቀድሞ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደባርቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል። አትሌቶች ለዚህ ዓይነቱ አየር ካምፕ ይገባሉ። ለቀስተኛው ንፍሮ እየበላ ያገኘዋል።

መቃወሚያ መነሳቱ አይቀርም። አንደኛው የካሎሪ ነው። የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጓደኛሞችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ዝግ ክፍል ውስጥ አስቂኝ ፊልም እያሳዩ ለክተው ነበር፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መሳቅ የሚያቃጥለው ከ10 እስከ 40 ካሎሪ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት አንድ ብርጭቆ ሻይ ይህን ሁሉ ድካም ገደል ይከተዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች እንዲስቁ ተፈቅዶላቸው ነበር። የሕይወት ታሪክ አልተነበበላቸውም። ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል። የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ ከሰው ጋር ከልቡ የሳቀ ሰው ሕመም የመቻል ዐቅሙ እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ የታፈነ ሳቅ እዚህ ላይ ምን ይረባል? መልሱ ከድንኳኑ ጓሮ ነው። ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ውኃ ለመቅዳት ብለው በተለያየ በር ወጥተው እንጀራ የሚጋገርበት ጋ ይገናኛሉ፤ እዚያ የሚሆነውን ደንባር ቢያየው ደስ ባለው ነበር። የተጠራቀመ ሳቅ ጉልበቱ ቀላል አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ካሻሻ በተባለ ቦታ፣ በአንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የተነሳ ሳቅ ከተማሪ ተማሪ ተዛምቶ ትምህርት ቤቱን አዘግቷል። ሐኪሞች ከጭንቀት የመጣ የጅምላ ሕመም ነው ብለውታል። ቁጥጥር ከበዛበት አዳሪ ትምህርት ቤት እንጂ ከመናፈሻ አለመነሳቱ ግን ለእኛ ወገን ምስክር ነው።

የለበጣን ሳቅ፣ የሹም ፊትን ሳቅና የፎቶ ሳቅን በየተራ መተንተን ይገባ ነበር፤ ይቅር፣ ላብ አያወጡም። የሚቀረው ልኬቱ ነው። ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናትና ባለሙያ አይቸግራትም። ችግሩ ለተጠኚው «ትስቃለህ» ተብሎ አስቀድሞ ከተነገረው ሳቁ የተፈቀደ ይሆናል፤ ካልተነገረው ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴው አያጸድቅም። ስለዚህ ማመልከቻው ለኮሚቴው ራሱ በንባብ ይቅረብ፦ ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ የአቶ እገሌ ቸርነት፣ አንድ በአንድ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው ዝም ካሉ ልኬቱ ከእሳቸው ይጀመር።